ወሎዬ የሆነው ሮክ

ባለፈው ቅዳሜ ጊዮርጊስ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ስጠጣ፣ አስተናጋጇ ከስልኳ ዘፈን ከፈተች። የወጣትነቴ ሮክ! ግን ምን አድርገውታል? አንዲት ልጅ በፒያኖ ብቻ እንደ እሹሩሩ ታዜመዋለች። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆየት ብሎ ግን ሳቄ መጣ። ይህን ዘፈን ከእኛ በላይ የገለባበጠው ማን አለና!

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ኪነት ጊታር ተጫዋች ነበርኩ። ጊታሩ የቀበሌው፣ አፍሮው ብቻ የራሴ። ያንን ዘፈን ፒያሳ ሙዚቃ ቤት በካሴት አስቀድቼ አመጣሁና ቴፑ እስኪግል እየመለስን አጠናነው። የፈረንጁን ግጥም ጥለን ስለ መሠረተ ትምህርት አዲስ ግጥም አለበስነው። ክረምቱ እየወጣ ነበር። ከልምምድ በኋላ የበቆሎ ጥብስ እየጋጥን ቸርችልን ቁልቁል እንወርዳለን። ጊዜው ክፉ ነበር፤ እኛ ግን መሳቅ አላቆምንም።

ያኔ ማንኛውም ዘፈን መድረክ ከመውጣቱ በፊት ካድሬ ይገመግመዋል። አዲስ የተመደበልን ካድሬ ሰምቶን ሲያበቃ ብድግ አለ።

«ይኼን ዜማ ካሴት ላይ ሰምቼዋለሁ። የኢምፔሪያሊስት ጩኸት ነው። ማነው ያመጣው?»

ከኪነት የተባረረ ልጅ ስሙ ለውትድርና ይተላለፋል። አብሮ አደጌ እንዲያ ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዶ በዚያው ቀርቷል።

«እኔ ነኝ ጓድ» አሉ ጋሽ ሰይድ። የክራር ተጫዋቻችን ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ሥራቸው ልብስ ስፌት። «የአገሬ ዜማ ነው። አባቴ ሲጫወተው ነው ያደግኩት።»

«ታዲያ ፈረንጅ እንዴት ዘፈነው?»

«ወስዶት ነዋ! ፈረንጅ ከእኛ ያልወሰደው ምን አለ?»

ክራራቸውን አነሱ። ያንን የሚያጓራ ዜማ ቀስ አድርገው፣ እያባበሉ አንጎራጎሩት። ማርያምን! ለአፍታ ለእኔ ለራሴም የወሎ ዜማ መሰለኝ። የካድሬው እግር ወለሉን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። በአብዮቱ በዓል ዕለትማ ካድሬው ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ዜማችንን ሳይቀር ስለዘረፉ ኢምፔሪያሊስቶች ረጅም ንግግር አደረገ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኛም ሳቃችንን እንደምንም ውጠን ተጫወትን።

ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ አፍንጮ በር ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ያን ቀን ካድሬው ቢነቃብዎት ኖሮስ?»

«ያስረኝ ነበራ!»

«አልፈሩም?»

«እንዴት አልፈራም? ግን እኔ ብታሰር አንድ ቀን እፈታለሁ። አንተ ሄደህ ብትቀር እናትህን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አሉኝ።

ጋሽ ሰይድ አሁን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። አስተናጋጇን «እስቲ ድገሚው የኔ ልጅ» አልኳትና የልጅቷን እሹሩሩ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ለካ እሱም ያምራል። እናቴ የልጅ ልጆቿን አቅፋ፣ ዕድሜ ጠግባ ነው ያረፈችው። አፈር ያለበስኳትም እኔው ልጇ ነኝ።