አልጎርስም ያለው ጠመንጃ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የመስቀል ሰሞን ነው። ጊዜው ቢያልፍም ጠመንጃዬን ከካዝናው ባወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ይዘገንነኛል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ውስጥ አሊያንቴ የሚባል ሰፈር ነው፤ የምሠራው እዚያው ከተማ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ። እዚህ አገር አጋዘን ለማደን ፈቃድ የሚገኘው በዕጣ ነው። ከዲቪ ሌላ ዕጣ ደርሶኝ የማላውቀው ሰውዬ ወጣልኝ። ባለቤቴ ሜሮን "ዕድልህን በአጋዘን ጨረስካት" ብላ አላገጠችብኝ። እናቷ እማማ ዘውዴ ግን አልሳቁም። የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከደሴ መጥተው ከእኛ ጋር ነበሩ። ጠመንጃውን ሲያዩ ያማትባሉ እንጂ አንድ ቃል አይተነፍሱም። እኔም "አልወደዱኝም" ብዬ ደመደምኩ።

አደኑ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ከተፈራ ጋር በረሃው ውስጥ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ሄድን። ተፈራ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ማደን ያስለመደኝም እሱ ነው። ጠመንጃዬ ማቀባበያው በእጅ እየተሳበ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን ጥይት አስገብቼ ማቀባበያውን ወደፊት ስገፋው መሀል ላይ ቀጥ አለ። እልህ ያዘኝና በመዳፌ ገፋሁት። ትንሽ ሄደና ጭራሽ ተቸነከረ። ብስበው አይመጣም፣ ብገፋው አይሄድም። ያልተተኮሰ ጥይት ውስጡ ተቀርቅሯል።

ላብ አጠመቀኝ። ሰደፉን መሬት ላይ አስደግፌ ማቀባበያውን በእግሬ ልረግጠው ስል ተፈራ ክንዴን ያዘኝ።

"ፎርስ አታድርገው! አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ያዘው። ፊትህ ላይ ቢፈነዳስ?"

የሜዳውን ተቆጣጣሪ ጠራው። ሰውዬው አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነቃንቅ፣ ቀስ እያለ አላቆ ጥይቱን አወጣው። ጥይቱ ጠረጴዛው ላይ ኮለል ሲል ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ምርመራ ጀመርን። ባዶውን ስንስበው ማቀባበያው ያለ ችግር ይመላለሳል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጥይቱን ጠረጠርኩ፤ ርካሽ ነበር። ተፈራ ከራሱ ጥይቶች አንድ ሰጠኝ። ሳንጫነው ብንሞክር የእሱም መሀል ላይ ያዝ አደረገው። ይሄኔ ያገለገለ ጠመንጃ የሸጠልኝን ሰው በልቤ ረገምኩት። ተፈራ ግን ማቀባበያውን ነቅሎ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ በስልኩ መብራት አየ።

"አንተ፣ ሲሚንቶ አቡክተህበታል እንዴ?"

ብሩሽና ጨርቅ አስገብተን ስናወጣ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ወጣ። በዘይት የተለወሰ አመድ ነው። የጥይቴን ፓኮ ገልብጠን ብናይ የቀሩትም ጥይቶች አንድ ሳይቀሩ ተቀብተዋል። ቦታውን ደህና አድርገን ጠርገን የተፈራን ጥይት ስንሞክር ሰተት ብሎ ገባ። ስተኩስም ቀለሁ ያለ ምንም ችግር ወጣ።

አመዱን አውቀዋለሁ። እማማ ዘውዴ ከጠበል ቦታ ያመጡት፣ ጠዋት ጠዋት የልጆቹን ግንባር የሚቀቡት እምነት ነው። ቅዳሜ ዕለት ጠመንጃውን ጋራዥ ውስጥ ፈትቼ ስወለውል፣ ልጆቹን ከኳስ ላምጣ ብዬ እንደተፈታ ከነጥይቶቹ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጥቼ ነበር። ተመልሼም ውስጡን ሳላይ ገጣጥሜ አስቀመጥኩት።

መንገዱን ሙሉ ስናደድ መጣሁ። ግን አማት ናቸው፤ ምን ይባላል? ዝም ብል ደግሞ ነገም ይቀቡታል። ሜሮን ሺፍት ላይ ነበረች። እማማ ዘውዴን የልጆቹን ልብስ ሲያጣጥፉ አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ጠመንጃውን እምነት ቀብተውት ነበር?"

"ቀብቼዋለሁ። ጣቴ እስከገባልኝ ድረስ። ጥይቶቹንም አንድ በአንድ። ምነው፣ ከፋህ?"

ጥይቱ ተቀርቅሮ ሊፈነዳብኝ ይችል እንደነበር ነገርኳቸው። የያዙት ካልሲ ከእጃቸው ወደቀ።

"ልጄ ያለ ባል፣ እነዚህም ያለ አባት እንዳይቀሩ ብዬ እኮ ነው! በገዛ እጄ ልጨርስህ ነበር?"

ደንግጠው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

"ታዲያ ጠመንጃውን ይተዉትና እኔን አይቀቡኝም?"

"አንተማ መች ትቆምልኛለህ! ግንባርህን ልቀባ በመጣሁ ቁጥር 'ረፈደብኝ' ብለህ ታመልጠኛለህ። እሱ ተኝቶ ስለጠበቀኝ እሱን ቀባሁት።"

እውነታቸውን ነበር። ሮጠው እምነቱን አመጡ። ጎንበስ አልኩላቸው። ግንባሬን ቀቡኝ፣ አገላብጠው ሳሙኝ።

አጋዘን አልቀናኝም፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጠመንጃው ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛ ላይ ተትቶ አያውቅም፤ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። አይወዱኝም ብዬ የከረምኩበትን ጊዜ ሳስበው አፍራለሁ። እማማ ዘውዴ እስካሁን ከእኛ ጋር ናቸው፤ በየጠዋቱ ተቀብቼ ነው የምወጣው። ሥራ ቦታ ፈረንጆቹ "ግንባርህ ላይ ያለው ምንድን ነው?" ሲሉኝ ብዙ አላብራራም። "አማቴ ናቸው" እላቸዋለሁ።