የአማቴ እንትፍታ
አማቴ ሲመርቁ ምርቃቱ ብቻ አይበቃቸውም። መጨረሻ ላይ ግንባር ላይ እንትፍ እንትፍ ካላሉበት፣ ለእሳቸው ወጥ ሠርቶ ጨው መርሳት ነው። ባሌ የመጀመሪያ መኪናውን ሲገዛ መሪው ላይ ሳይቀር እንትፍ ብለውለታል። እኔም እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጃችን ያኔ አራት ዓመቷ ነው። መቅኔዋ ደም መሥራት አቅቶት ኦክላንድ ሆስፒታል ተኝታለች፤ የእኔ መቅኔ ሊሰጣት ነው። አዲሱ እንዲገባ መጀመሪያ አሮጌውን በመድኃኒት ያጠፉታል። በሽታ የሚከላከል ነገር ሰውነቷ ውስጥ ስላልቀረ ለብቻዋ ክፍል ዘግተውባታል። "አሁን ጉንፋን እንኳን ቢይዛት ከባድ ነው፤ ወደኋላ መመለስ ደግሞ የለም" ብሎኛል ዶክተሩ። ከዚያ ወዲያ ዘበኛ ሆንኩ። ነርሷን ሳይቀር "ታጥበሻል?" እላታለሁ። ጨዋ ናት፣ ድጋሚ ትታጠባለች።

ልጅቷ ግን ዓለሟን ትቀጫለች። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። መድኃኒቱ የተሰቀለበትን ባለጎማ ብረት እየገፋች፣ እንደ ሹፌሩ አባቷ "ዌር ቱ?" ትለኛለች። "ሳን ሆዜ፣ ቤታችን" እላታለሁ። "ቱ ፋር" ብላ ትታኝ ትሄዳለች።

እዚሁ ቅርብ ኒውአርክ ያሉት አማቴ በየቀኑ ኮል ያደርጋሉ። "ሳልመርቃት እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ትገባለች?" አንድ ጠያቂ ይፈቀድ ስለነበር ተሸነፍኩ። መጡ፣ ታጠቡ፣ ጋውን ለበሱ፣ ማስክ አደረጉ። ጉንፋን፣ ሳል፣ ትኩሳት አለ ወይ ሲባሉ "ኖ፣ ኖ፣ ኖ" አሉ። ልጅቷ ስታያቸው አልጋው ላይ ዘለለች።

"እደጊ፣ ተመንደጊ! ክፉ አይንካሽ!"

እኔ "አሜን፣ አሜን" እላለሁ። ለካ እጃቸው ወደ ማስኩ እየሄደ ኖሯል። ዝቅ አደረጉትና እንትፍ! እንትፍ!

"እማማ! ሊገድሏት ነው እንዴ? ይውጡ! አሁኑኑ ይውጡልኝ!"

አማቷን የምታባርር ምራት! ነርሷ ሮጣ መጥታ የልጅቷን ግንባር ጠረገች። አማቴ የሚጣለውን ጋውን እንደ ነጠላ አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡና ወጡ።

ሦስት ቀን ቴርሞሜትር ላይ አፍጥጬ ኖርኩ። እነሱ በየአራት ሰዓቱ ይለካሉ፣ እኔ በመሃል በእጄ እዳስሳለሁ። ባሌ "እናቴ እኮ እያለቀሰች ነው" ሲለኝ "ያልቅሱ!" አልኩት። ትኩሳት ግን አልመጣም። ንዴቱ ሲወጣልኝ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መቅኔዬን ሊወስዱ ነው። ባሌ ሊተካኝ መጥቷል፣ እኔ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ልወርድ ተነስቼ መልሼ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ማደንዘዣ ወስጄ አላውቅም። ባልነቃስ? መቅኔዬ አልሠራላት ቢልስ? እናቴ ከሞተች ቆይታለች። የሚመርቁኝ አንድ ሰው ነበሩኝ፣ እሳቸውንም አባርሬያለሁ።

በቪዲዮ ደወልኩ። አማቴ ኩሽናቸው ውስጥ ብቻቸውን ቆመው ማስክ አድርገዋል።

"እማማ፣ በስልክ እኮ ነው።"

"ምን ይታወቃል" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ። ይመርቁኝ።"

መረቁኝ። ሲጨርሱ እንትፍ አላሉም። ፈርተውኛል። ግንባሬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩት። "እንትፍ" አሉ በማስኩ ውስጥ፣ ቀስ ብለው። ሁለታችንም አለቀስን።

"ማይ ተርን" አለች ልጄ። ማስኬን አምጡልኝ ብላ አደረገች፣ ራሴን በሁለት እጇ ጎትታ አስጎነበሰችኝ።

"እደጊ፣ ማሚ" አለችኝ። እንትፍ።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። "አሜን" አልኩ።