ያልታዩት ስድሳ ሦስት ቪዲዮዎች

ውባንቺ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ከከፈተች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከባሏ ጋር ብዙ አውርታ አታውቅም። ተጣልተው አይደለም። ዓለምሰገድ ዝምተኛ ነበር። አየር መንገድ ጭነት ክፍል ሲሠራ ውሎ ይመጣል፣ ይበላል፣ “ተባረኪ” ብሎ ይነሳል። እሷም ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ቆማ የምትውል ሴት ናት፤ ሲመሽ የሚያምራት ወሬ ሳይሆን ወንበር ነው።

ጡረታ ሲወጣ ምግብ ቤቱ ገባ። እዚያም ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ አጫጭር ቪዲዮ እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ በከፈተው አካውንት መለጠፍ ጀመረ። ስለ ሽሮ ያወራል፣ ስለ ናይሮቢ ዝናብ ያወራል፣ ስዋሂሊ ሲሳሳት በራሱ ይስቃል። ቤት ውስጥ ሦስት ቃል የማይወጣው ሰው ስልክ ፊት ሲቆም አንደበቱ ይፈታል። ደንበኛም በዚያ በዛ። ውባንቺ ግን አንዱንም አላየችም። “አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ሆንክ እንዴ? ከመንገዱ ላይ ተነሳልኝ!” እያለች ትሪዋን ይዛ ከኋላው ታልፍ ነበር።

ዌስትላንድስ ሰፈር ቢሮ የምትሠራው የእህቷ ልጅ ሐሊና ለምግብ ቤቱ ዌብሳይት ሠራችላቸው። ከምግብ ዝርዝሩ ሥር የአጎቷን ቪዲዮዎች ደረደረች። ዘጠና አራት ነበሩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥቅምት፣ ዓለምሰገድ ከገበያ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ልቡ ቆመ።

ውባንቺ ለወራት ፎቶውን እንኳ ማየት አልቻለችም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጠዋት፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት፣ የምግብ ዝርዝሩን ለማየት በኮምፒውተር ዌብሳይቱን ከፈተች። እጇ ሳታስበው አንዱን ቪዲዮ ነካ።

“ይቺ ከኋላዬ የምታልፈው ሚስቴ ናት” አለ ዓለምሰገድ። “ስትቆጣ አትፍሯት። እዚህ አገር ስመጣ ሰው አልነበረኝም፤ ሰው የሆነችኝ እሷ ናት። ፊት ለፊት ብነግራት ትስቅብኛለች።”

ውባንቺ ቆማ ነበር። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ቪዲዮ ታያለች። ሁለት አታይም፤ ቶሎ እንዳያልቅባት። አንዳንዱ ስለ በርበሬ ብቻ ነው፤ በሌላው ግን ስሟን ይጠራል። “ዛሬ ደግሞ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?” ስትል አብራት የምትሠራው ጥሩወርቅ ፊቷ ሲበራ አይታ ትገረም ነበር። ሠላሳ አንድ ጠዋት እንዲህ ሆነ።

የሟቹ ስልክ እሷ ጋ ስለነበረ፣ አካውንቱ ላይ ሰዎች የሚጽፉትንም ታነብ ነበር። አንዱ “ሰውዬውን የገደለው የራሱ ምግብ ነው” ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ብዙ ሰው ስቋል። አንዱን ስታጠፋ ሌላ ይመጣል። ዌብሳይቱ ላይ ግን ስድብ አይታይም፣ ዓለምሰገድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አካውንቱን ልትዘጋው ወሰነች። ለሙት ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ልትበር አንድ ቀን ሲቀራት ለሐሊና ደወለች።

“ሐሊናዬ፣ ዌብሳይቱ የኛው ነው አይደል? ማንም አይነካብንም?”

“ያንቺ ነው አክስቴ፣ በስምሽ ነው ያለው። ሶሪ፣ ሚቲንግ ላይ ነኝ፤ ልደውልልሽ?”

“አይ በቃ፣ እሱን ብቻ ነው የፈለግኩት።”

አካውንቱን ዘጋችው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ የሚል ጽሑፍ መጣላት። የምትቀይረው ሐሳብ አልነበራትም።

አዲስ አበባ የዓለምሰገድ እናት አልለቅሽም ብለዋት ስድስት ሳምንት ቆየች። ዘመድ በሞላበት ቤት ብቻዋን የምትሆንበት ጥግ ስላጣች፣ የቀሩትን ቪዲዮዎች ለናይሮቢ አቆየቻቸው።

በተመለሰች ማግስት ኮምፒውተሩን ከፈተች። በቪዲዮዎቹ ቦታ ግራጫ ሳጥኖች ተደርድረዋል። እስከ ታች ወረደች። አንድም አልቀረም።

ሐሊና ከሥራ እንደወጣች መጣች።

“አክስቴ፣ አካውንቱን ማን ዘጋው?”

“እኔ ነኛ። እዚህ አለ ብዬ ነዋ!”

“እዚህ አልነበረም” አለች ሐሊና ቀስ ብላ። “እኔ ያስገባሁት ኮድ ነው። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከአጎቴ አካውንት እያመጣ ያሳያል እንጂ ቪዲዮው እኛ ጋ አልተቀመጠም። ኮመንቱን ብቻ መዝጋት ይቻል ነበር። ምነው በነገርሽኝ…”

“ደውዬልሽ ነበር።”

ሐሊና የሟቹን ስልክ ፈተሸች፤ ምንም የለም። ዓለምሰገድ ስልኬ ሞላብኝ እያለ፣ የለጠፈውን ሁሉ ከስልኩ ያጠፋ ነበር። ሠላሳው ቀንም ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

“እሺ” አለች ውባንቺ፣ “አንቺ አንድ በአንድ አይደል ያስገባሻቸው? ያላየኋቸው ስድሳ ሦስት ናቸው። የምታስታውሺውን ንገሪኝ። ምን ይል ነበር?”

“አላየኋቸውም አክስቴ። ሊንካቸውን ነው ኮፒ ያደረግኩት።” ከዚያ ሐሊና አለቀሰች። ውባንቺ እያባበለች እራት አቀረበችላት።

ሐሊና ለኩባንያው ሦስት ጊዜ ጻፈች። የመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ የተሰረዘ አካውንት አይመለስም። ደንበኞችንም ጠየቁ። ኑሬ የሚባል ነጋዴ ስልኩ ላይ አንድ አገኘ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ውባንቺ ሁለት ጊዜ አየችው። ድስት ይታያል፣ የዓለምሰገድ እጅ ይታያል፣ ከላዩ ዘፈን ተጭኖበታል። “ድምፁ የለም” ብላ ስልኩን መለሰችለት። ሐሊና ዌብሳይቱ ላይ የቀሩትን ግራጫ ሳጥኖች አጥፍታ በቦታቸው የምግብ ፎቶ አስገባች።

ባለፈው ሳምንት አንድ ኬንያዊ ብቻውን መጥቶ ሽሮ አዘዘ። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከካሳራኒ ነው የመጣው። “ማማ፣ ያ በቪዲዮ የሚያወራው ሰውዬ ዛሬ የለም?” አላት በስዋሂሊ።

“ሞቷል።”

“ፖሌ ሳና ማማ፣ በጣም አዝናለሁ። ማታቱ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ቪዲዮውን ሁሌ አየው ነበር።”

ውባንቺ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች። “ምን ይል ነበር?”

ሰውየው አፈረ። “አማርኛ አልሰማም። ደግሞ ማታቱ ውስጥ ድምፁን አጥፍቼ ነው የማየው። ግን በጣም ይስቅ ነበር።”

“አዎ” አለች ውባንቺ፣ እንጀራ ልትጨምርለት ወደ ወጥ ቤት እየሄደች።