ላስቲኩ ሥር የነበረው ጤዛ

ባለፈው ሳምንት ወሰን በሚባለው ሰፈር አንድ አዲስ ቤት ውስጥ ከደንበኛዬ ጋር ተጣላሁ። የላሚኔት ጣውላ ላነጥፍለት ሄጄ፣ እርጥበቱን ልፈትን ብዬ ዋዜማውን ሊሾው ላይ በፕላስተር የለጠፍኳትን ቁራጭ ላስቲክ ስገልጣት ሆዷ ጤዛ አዝሏል።

"ልጄ፣ ሲሚንቶው አልደረቀም። ሦስት ሳምንት ጠብቅ" አልኩት።

"ፋዘር፣ ቅዳሜ እንገባለን ብዬ ዕቃ ጭኛለሁ እኮ! ከሥሩ የሚነጠፈው ፎም ይችለዋል፣ በቃ!"

እምቢ አልኩ። ግትር ሽማግሌ ይበለኝ።

ይህን ግትርነት ያመጣብኝ የወጣትነቴ ነገር ነው፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አለቃዬ ሁሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሥራ ላከኝ። ቤቱ ከሾላ ገበያ በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ጭጋጉ ባሕር ዛፉን ውጦታል። መንገድ ዳር የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝቼ እየጋጥኩ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ዳገቱን ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ ሥራ የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የሁሴን ትእዛዝ አጭር ነበር፦ "ሊሾው ከረጠበ እንዳትነካው። ጣውላው ከነካርቶኑ ሁለት ቀን እዚያው ክፍል ይተኛ፤ የቤቱን አየር ይልመድ። ግድግዳው ጋ ክፍተት ተውለት።"

የቤቱ ጌታ ጋሽ በቀለ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከታከሙ በኋላ በምርኩዝ መራመድ ጀምረው ነበር። የሊሾው ብርድ ግን አላስቀምጥ ስላላቸው አዳማ እህታቸው ዘንድ ከርመዋል። ጋሽ በቀለ ለዘመን መለወጫ ሞቅ ያለ ቤት ሊያስገቧቸው ቃል ገብተዋል።

በሩ ላይ እጄን ይዘው አስገቡኝ። "ግባ ልጄ። ቆሻሻ ላይ እንዳትሠራ ብዬ ይኸው ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ሳጥበው ሰነበትኩ።"

ሊሾው ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል። የእኛ ሰው ሲያከብር በባልዲ ነው፤ እንዴት ብዬ "አበላሹት" ልበላቸው? "ጥሩ አድርገዋል፤ ከእንግዲህ እንኳ አይድከሙ" አልኩ። ውጭው ዝናብ ስለሆነ መስኮት መክፈትም ትርፉ ጭጋግ ማስገባት ነበር። ካርቶኖቹን አጋድሜ፣ ላስቲኬን ለጥፌ ወረድኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ላስቲኳን ገለጥኩ። መዳፌ በጤዛ ራሰ። ጋሽ በቀለ ጓዳ ውስጥ ድንች እየቀቀሉልኝ ነበር።

"ነገ ትመጣለች እኮ!" አሉ ከዚያው ሆነው። "አልጋዋን የት ባደርገው ይሻላል?"

ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር። መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ። ላስቲኳን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ፎሙን ዘረጋሁ።

በማግስቱ የቀረችኝን ጥግ ለመጨረስ ስሄድ እትዬ አስካለ ደርሰዋል። ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ረገጡት። "ይሞቃል" አሉና አለቀሱ። እኔም በሞኝነቴ፣ ተሳካልኝ ብዬ እንባዬ መጣ።

የመስከረም አበባ ሳይረግፍ ወለሉ አበጠ። የጣውላዎቹ ጠርዝ ሽቅብ ተነሣ፤ የእትዬ አስካለ ምርኩዝ እዚያ ላይ ተሰነቀረና በዚያው ዳሌያቸው ወደቁ። ሁሴንና እኔ ስንደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ሁሴን ተንበርክኮ አንዱን ጣውላ ነቀለ። ሥሩ ሻግቷል።

"ስታነጥፈው ደርቆ ነበር?" አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ጋሽ በቀለ ቀደሙኝ። "እሱን አትቆጣው። እኔ ነኝ በውሃ ያጥለቀለቅኩት። ልጁ ምን ያውቃል?"

ላስቲኳ ያኔም የሥራ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ እንደታጠፈች ናት። አንድ ቃል ብተነፍስ ያን ሸክም ከትከሻቸው አወርደው ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

ሁሴን ወለሉን በደረቅ ጊዜ እንደገና ሠራው። እትዬ አስካለ ግን ዳግመኛ አልረገጡትም። እውነቱን ልናገር ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ወጥቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው የማላውቀው ሰው ከፈተልኝ፤ ሁለቱም አርፈዋል አለኝ።

የወሰኑ ደንበኛዬ ሥራውን ለሌላ ሰጥቷል፤ ይስጠው። ከመውጣቴ በፊት ግን እጁን ይዤ እርጥቧን ላስቲክ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። "አንተም እያት" አልኩት። ግራ ገብቶት ሳቀ። ጋሽ በቀለ "ሚስቴን የጣልኳት እኔ ነኝ" እንዳሉ ሞቱ፤ ያቺን ጤዛ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።