ሚስማር የሌለው በርጩማ

ነገሌ ስድስተኛ ክፍል ስማር የእጅ ሥራ ትምህርት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። መምህሩ መጀመሪያ ለሴቶቹ ጨርቅና ክር ያድሉናል፤ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን የጠረጴዛ ልብስ እንጠልፋለን። ከዚያ ወንዶቹን ይዘው ወደ ግራሩ ጥላ ይወጣሉ። መጋዙም፣ መላጊያውም፣ መዶሻውም እዚያ ነው። እኔ መስኮቱ አጠገብ ስለምቀመጥ ዓይኔ ከመርፌው ይልቅ መጋዙ ላይ ነበር።

ስሜ ሲጠራ እንኳ መሬት መሬት የማይ ልጅ ነበርኩ። አንድ ሐሙስ ግን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ እኔም እንጨቱን ብማር?»

«እንጨት የወንድ ነው። ነገ ቤት የሚሠራልሽ ባልሽ ነው።»

«በእናቴ አገር ቤት የምትሠራው ሴት ናት።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን ቀልድ አልተናገርኩም። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እናቴ ቦረና ናት። ትምህርት ሲዘጋ ከከተማ ወጥቼ አክስቴ ዘንድ እከርም ነበር። እዚያ ወንዶቹ ከብቱንና የውሃ ጉድጓዱን ይይዛሉ፤ እንጨቱን ቆርጠው፣ አጉብጠው፣ አስረው ቤት የሚያቆሙት ሴቶቹ ናቸው። አክስቴ በአሥር ዓመቴ ፋስ አስይዛኛለች። «ኢንታላ» ትለኝ ነበር፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ «እጅሽ ካልቆሰለ ቤትሽ አይቆምም።»

መርፌውም ቢሆን የሴት አልነበረም። በነገሌ ገበያ ልብስ ሰፊዎቹ በሙሉ ወንዶች ነበሩ። የአንደኛው ልጅ አብሮኝ ይማር ነበር፤ መጋዝ ሲይዝ እንጨቱ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ።

«ጥልፍሽ ዶሮ የጫረችው ይመስላል» አለኝ ከትምህርት ስንወጣ።

«ያንተስ በርጩማ? ጠጅ ቤት ያደረ ነው የሚመስለው።»

ተሳሳቅንና መምህሩ ሳያውቁ ሥራችንን ተለዋወጥን። እሱ ጨርቄን ወሰደ፣ እኔ እንጨቱን። ጓሯችን ውስጥ ከአንድ የዋንዛ ጉማጅ መቀመጫውን ጠረብኩ፣ ሦስት ቀዳዳ በስቼ እግሮቹን ተከልኩ። ሚስማር አልነበረኝም። ስለዚህ አክስቴ የቤት እንጨት እንደምታስረው እግሮቹን እርስ በርስ በእርጥብ የቆዳ ጠፍር ጠመጠምኳቸው። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንጨቱን አንቆ ይይዛል። እናቴ አይታ መጣች። የጠፍሩን ጫፍ ይዛልኝ ስቤ እስክጨርስ ቆመች።

በዓመቱ መጨረሻ የእጅ ሥራችን ለወላጆች ታየ። ከንጉሡ ፎቶ ሥር ጠረጴዛዎች ተደረደሩ፤ በየዕቃው ላይ የሠሪው ስም ተለጠፈ። በርጩማዬ ላይ ያለው የሰፊው ልጅ ስም ነበር። እንዲህ እንደሚሆን አውቅ ነበር። ሳየው ግን ከአጠገቡ አልራቅኩም።

ከጦር ሰፈሩ በእንግድነት የመጡ አንድ ሻምበል ተቀመጡበት፤ ወዲያና ወዲህ አሉበት፤ ከዚያ አንስተው ሥሩን አዩት።

«ሚስማር የለውም። ማነው የሠራው?»

መምህሩ ልጁን ወደፊት ገፋ አደረጉት።

«እንዴት ብታስረው ነው እንዲህ የጠበቀው?»

ልጁ ዞሮ እኔን አየኝ። ሁሉም እኔን አየኝ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነበር። «ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ ነው የሚታሰረው። ደርቆ ከታሰረ ይላላል።»

ሻምበሉ ወደ መምህሩ ዞረው «አናጢው ይህች ናት እንዴ?» አሉና እየሳቁ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

እንግዶቹ ሲሄዱ መምህሩ ሁለታችንን ቢሮ ጠሩን። ማርካችን ተመዝግቦ አልቋል።

«ቀለድኩ በይ» አሉኝ። «በርጩማው የእሱ፣ ጥልፉ የአንቺ ሆኖ ይቅር፤ ሁለታችሁም ታልፋላችሁ።»

«በይው እንጂ፣ ምን አለበት?» አለኝ ልጁ በሹክሹክታ።

«ጥልፉ የኔ አይደለም» አልኩ። «ለእሱ ዜሮ ይስጡኝ። በርጩማውን ግን በስሜ ይጻፉልኝ።»

ዜሮውን ጻፉ። ሌላውን አልጻፉም። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ገባ። እኔን ዜሮዋ ጎትታ ጣለችኝ፤ ስድስተኛን ድገሚ ተባልኩ። መድገም ማለት ያንኑ የጠረጴዛ ልብስ እንደገና መጥለፍ ነበር። አልተመለስኩም። አባቴ ተቆጣ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ተወኝ። ትምህርቱ አይቆጨኝም አልልም። ያን ቀን ያልኩት ግን አይቆጨኝም።

ቀጥሎ በመጣው ዝናብ በርጩማውን የትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ረስተውት ጠፍሩ ራሰ። የሰፊው ልጅ በራችን ላይ መጣ።

«አካም፣ ናጋ?» አለኝ፣ ደህና ነሽ ማለቱ ነው፣ በእናቴ ቋንቋ።

«ናጋ።»

«ጋሼ ልከውኝ ነው። በርጩማው ላላ፣ መጥተሽ እሰሪው ብለውሻል።»

«መዝገቡ ላይ ስሜ ገባ?»

«አልገባም።»

«እንግዲያ ስሙ ያለበት ይሰረዋ።»

ሳይወድ ሳቀ፤ ራሱን እያከከ ሄደ። ኋላ እንደነገረኝ መምህሩ ራሳቸው ሚስማር መቱበት፤ መቀመጫው ለሁለት ተሰነጠቀ። ለዋንዛው ብቻ አዘንኩ።

ጥልፍ ዛሬም አልችልም። እናቴ አሁን የምትቀመጥበት ኋላ የሠራሁት ሁለተኛው በርጩማ ነው። ዝናብ ሲያልፍ ጠፍሩን ነክሬ፣ እንደገና ስቤ አስረዋለሁ። ጫፉን የምትይዝልኝ እሷ ናት።