ወረፋ ይዤ ያገኘሁት አባቴ

በበረዶው ወራት በልብስ ማጽጃ ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ በሩ ድንገት ተከፍቶ የሞቀ እንፋሎትና የተተኮሰ ጥጥ ሽታ ሲያውደኝ ሳላስበው እግሬ ቀጥ ይላል። ያ ሽታ የአባቴ ሽታ ነበር። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ላውንደሪ ነበረው፤ እኔም ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደዚያ እገባና ከተንጠለጠሉት ካፖርቶች ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። እናቴ ሜፕልዉድ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የከሰዓቱን ሺፍት ስለምትሠራ፣ ምሽቱ የእኔና የአባቴ ነበር። እሱ ሸሚዝ እየተኮሰ በአማርኛ ይጠይቀኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልስለታለሁ፣ እሱም «ኧረ እኔ በሚገባኝ አዋሪኝ!» እያለ ያስቀኛል። ወንድምም እህትም አልነበረኝም፤ እሱ አጠገቤ እያለ ግን የሚጎድለኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ መንገዱን መቆፈር ጀመሩ። ለአዲስ የከተማ ባቡር ሐዲድ ተብሎ አስፋልቱ ተነሥቶ፣ በራችን ፊት ለፊት አጥር ቆሞ፣ ደንበኞቻችን መኪና ማቆሚያ እያጡ ዞረው ይሄዱ ነበር። ከጎናችን ምግብ ቤት የነበራቸው ኤርትራዊው ጋሽ ተስፋይ አንድ ቀን ገቡና፣ «አንተ ቋንቋውም ድፍረቱም አለህ፤ ከከተማው ስብሰባ ሂድና ተናገርልን» አሉት።

አባቴ እጁን በፎጣ እየጠረገ፣ «እኔ ሸሚዝ ተኳሽ እንጂ ተናጋሪ ነኝ እንዴ ጋሼ?» አለ።

ግን ሄደ፤ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ፣ ኋላ ግን እየጠነከረ መጥቶ፣ «መንገዱ አልቆ እኛ ከሌለን ባቡሩ ሰው የሚያወርደው ወዴት እንዲሄድ ነው?» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም የምሆነውን አጥቼ ወንበሬ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደር ይለው ጀመር። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት እኔና እሱ በየቤቱ እየዞርን በር እናንኳኳ ነበር፤ እኔ የቅስቀሳ ወረቀቱን እሰጣለሁ፣ እሱ ያወራል፣ ስንጨርስ መኪና ውስጥ ሞቅ ያለ ቸኮሌት እየጠጣን የትኛው ውሻ ክፉ እንደነበር እንጨቃጨቃለን። ከልጅነቴ ሁሉ የሚጣፍጠኝ ያ ወቅት ነው። ካሸነፈ እንደሚያበቃ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

አሸነፈ። ላውንደሪውን ለሠራተኛው ትቶ እሱ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሮጥ፣ አውቶቡሱ እኔን ባዶ ቤት ያወርደኝ ጀመር። በዚያ የበረዶ ወራት ውጭው ገና በጊዜ ይጨልም ነበር። እኔም እናቴ ያስቀመጠችልኝን ማይክሮዌቭ ውስጥ አሙቄ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ፣ በከተማው ቻናል ስብሰባ ላይ እያየሁት እበላ ነበር። እሱ ውኃ ሲጠጣ እኔም እጠጣለሁ። አብረን እራት የበላን ይመስለኝ ነበር።

በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ እናቴ ወደ ሥራ ስትሄድ እንደልማዷ ቤተ መጻሕፍት አወረደችኝ። ከመግቢያው በር ላይ የአባቴን ፎቶ አየሁ፤ ለካ የመረጡትን የሠፈር ሰዎች የሚያነጋግረው እዚያው በውስጠኛው ክፍል ኖሯል። ሰዎች ወንበር ላይ ተራ ይዘው ነበር፣ እኔም ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት፣ «አንቺ ደግሞ ምን ችግር ገጠመሽ ልጄ?» ቢሉኝ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ተራዬ ደርሶ ስገባ፣ አባቴ አንገቱን ደፍቶ እየጻፈ በእንግሊዝኛ፣ «ምን ልርዳዎት?» አለኝ።

«አባዬ፣ እሁድ ከኛ ጋር እራት ትበላለህ?» አልኩት፣ በአማርኛ።

ቀና አለ። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሣና ደረቱ ላይ ለጠፈኝ። «እበላለሁ የኔ እናት። እሁድማ የናንተው ነኝ» አለ።

ደግሞም መጣ። ስልኩን አጥፍቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ራሱ እንቁላል ፍርፍር ሠራልን፤ ሚጥሚጣው በዝቶበት እናቴ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ያን ቀን የተመለሰልኝ መስሎኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ለኮንግረስ ሲወዳደር፣ እናቴንና እኔን ከኋላው አቁሞ ለተሰበሰበው ሕዝብ የዚያን ቅዳሜ ነገር አወራ። ወረፋዬን፣ አሮጊቷን፣ እንቁላሉን ሳይቀር ተረከና፣ «እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ!» ሲል ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እናቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሴትዮ አቅፈውኝ፣ «እንዴት ያለሽ ዕድለኛ ልጅ ነሽ» አሉኝ፤ እኔም ፈገግ አልኩላቸው። ታሪኩን በየአዳራሹ ይደግመው ነበር፣ ሲያወራውም ያምርበት ነበር፤ ያን እራት በየአዳራሹ እየተረከ ሳለ ግን እኛ ቤት እራት የሚበላበት እሁድ ጠፋ።

አሸንፎ ዋሽንግተን ሲገባ እናቴ አብራው አልሄደችም። «አዛውንቶቼን ትቼ የት እሄዳለሁ? ደግሞስ እዚያ ማን አለኝ?» አለችው። እሱም በአውሮፕላን እየተመላለሰ፣ ሲመጣ ደክሞት ይተኛል፣ ሲነቃ ሰው ይጠብቀዋል። እኔም መጠበቁን ቀስ በቀስ ተውኩት። በሚቀጥለው ምርጫ ተሸነፈ።

ተጠቃልሎ ወደ ቤት የመጣ ዕለት በረዶ ይጥል ነበር። እኔና እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠን የበሩ ደወል ሲጮህ፣ ማን ይሆን ብለን ተያየን። ብከፍተው አባቴ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል።

«ቁልፌ እምቢ አለኝ» አለ።

«ውይ በሞትኩት!» አለች እናቴ ከኋላዬ። «ባለፈው ወር የበሩን ቁልፍ ቀይረነው እኮ ነው... ላንተ መስጠቱን...» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። እሱም እንደ እንግዳ ጫማውን ደጃፉ ላይ ደጋግሞ ጠርጎ ገባ።

ዛሬ እሱና እናቴ ከሴንት ፖል ብዙም በማይርቀው ኮሎምቢያ ሃይትስ አፓርትመንት ውስጥ ይኖራሉ፣ እኔም ነርስ ሆኜ ለብቻዬ ወጥቻለሁ። ሥራ በማልገባበት ቀን ድራይቭ አድርጌ እወስደውና፣ ውጭው ስለሚያዳልጥ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በእግራችን እንዞራለን። ድሮ ከሱ ጋር አንድ ዳቦ ለመግዛት ብንወጣ አላፊ አግዳሚው እያስቆመው ጎኑ ቆሜ እጠብቅ ነበር፤ አሁን የሚያስቆመን የለም።

«ሥራ እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ደህና ነው አባዬ» እለዋለሁ።

የሱቆቹን መስታወት እያየን እንሄዳለን። በልጅነቴ የምነግረው ነገር ሞልቶ ተርፎኝ እሱን አጣው ነበር፤ ዛሬ እሱ ቀኑን ሙሉ የኔ ነው፣ እርምጃውንም ከእርምጃዬ ጋር ለማስተካከል ይታገላል፣ እኔ ደግሞ ቀስ እያልኩለት የምነግረውን እፈልጋለሁ።