የሞቱማ መኪና ሲሸጥ

የሞቱማ አርባ በወጣ ማግስት ቡራዩ ጭጋግ ለብሳ አደረች። ከገፈርሳ በኩል የመጣው ጉም የባሕር ዛፉን ጫፍ ውጦታል፤ ካፊያው ዝናብ ልሁን አልሁን እያለ፣ በግቢው በቆመችው ጥቁር መርሰዲስ ሸራ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሚስቱ ተረፈች የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች በሩን ስትከፍት፣ ትናንት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ያለቀሱ ሦስት የእድር ሰዎች ደጅ ቆመዋል። «እግዜር ያጽናሽ» ያላት አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ገብተው ሸራውን መግለጥ ጀምረዋል።

ጥፋቱ የራሷ ነው። ትናንት ድግሱ ተበልቶ ሰው ሊበተን ሲል፣ የእድሩን ዳኛ ኦቦ ገርባን ጠጋ ብላ፣ «መኪናዋን የሚገዛ ጨዋ ሰው ካወቁ ይንገሩኝ» አለቻቸው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ባል ያገባች፣ ከዶሮ በቀር ሸጣ የማታውቅ ሴት ናት። ለእድር ዳኛ መንገር ለአባት መንገር መስሏት ነበር። እዚያ ሰፈር ግን «ሰው አለኝ» ብሎ ስልክ የደወለ ሁሉ ኮሚሽን አለው። እድሩ በሙሉ ደላላ ሆኖ አደረ።

ሞቱማ የአንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናዋን ለእሱ ለቀቀለት። ከዚያ ወዲህ እንደ ልጅ ያዛት። ጭቃ ሲሆን አስፋልት ዳር ለዘበኛ አደራ ሰጥቶ በእግሩ ይመጣል። ለሠርግ ሲያከራያት ደግሞ ሙሽሮቹ ከወረዱ በኋላ የአበባውን ቅጠል አንድ በአንድ ለቅሞ ወንበሩን ሲወለውል ይውላል።

«እኔን እንዲህ ወልውለኸኝ ታውቃለህ?» ትለው ነበር።

«አንቺን መች አቧራ ነክቶሽ!»

ልጅ አልወለዱም። ግቢው የሞቱማ ወንድሞች ነው። ሰበታ ገበያ፣ እህቷ ሱቅ አጠገብ፣ አንዲት የእህል መሸጫ ለሽያጭ ቀርባ ባለቤቷ እስከ መስከረም ሊጠብቃት ቃል ሰጥቷታል። መኪናዋ በደህና ዋጋ ከተሸጠች ተረፈች ሱቋን ገዝታ የሰው ፊት ሳታይ ትኖራለች። ካልተሸጠች የባሏን ወንድሞች እጅ ስታይ ልትኖር ነው።

ደላላው ሊቤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣ።

«ማዘር፣ መኪናዋ ፏ ያለች ናት። አንድ ነገር ብቻ፣ ባለቤቱ ሞተ እንዳትዪ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የሟች መኪና ሲባል ገዢ ይሸሻል። ወራሽ ይነሳል፣ ክስ ይመጣል ይላል። ዶክተር ነው የያዛት፣ ካናዳ ገባ እንላለን።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የገዢው ልብ ውስጥ ትግባ።»

«የያዛት ሞቱማ ነው» አለች።

«ሞቱማ ማነው? ሾፌር! የሾፌር መኪና ማን ይገዛል?»

 ሱቋን አሰበችና ሸራውን አጣጥፋ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ብዛቱ! አንዱ በጭቃ ጫማው ገብቶ ይንፈላሰሳል። አንዱ ጥሩምባውን እያስጮኸ ይስቃል። ጎረቤቷ ፀሐይ ልታጽናናት መጥታ እጇን እንደያዘች፣ «የነገውን ገዢ ያመጣው የኔ ባል ነው፣ እንዳትረሺን» ብላ ሹክ አለቻት። ተረፈች እጇን ሳብ አድርጋ በቀሚሷ ጠረገችው።

በማግስቱ የመጣው ገዢ ሀሰኖ የሚባል የሰበታ ነጋዴ ነው። ጫማውን አራግፎ ገባ። ተረፈች ይህን አይታ ትንሽ ተስፋ አደረገች። ሞተሩን አስነስቶ ብዙ ካዳመጠ በኋላ፣ «ማሻአላህ! ይቺን የያዘ ሰው ሰው ነው» አለ።

«በስልክ ነግሬህ የለ? ዶክተር ነው!» አለ ሊቤ።

ሀሰኖ ከጎኑ ወደ ቆሙት ወደ ኦቦ ገርባ ዞረ። «አባባ፣ እርስዎ ያውቁታል?»

«እንዴታ!» አሉ ኦቦ ገርባ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ጨዋ ዶክተር ነበር። ካናዳ ገባ።»

በሞቱማ መቃብር ላይ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ ከየት ይመጣል?» ብለው አገሩን ያስለቀሱት እኚሁ ሰው ናቸው። ተረፈች ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ኦቦ ገርባ! በእጅዎ አፈር ያለበሱትን ሰው ካናዳ ላኩት?»

 ሊቤ ሊስቅ ሞከረ። «ማዘር ሐዘን ላይ ናት፣ እሷን...»

«አንተ ዝም በል! የያዛት ባሌ ነው። ሾፌር ነበር። ሞተብኝ። ልብሴን አታዩም?»

ሀሰኖ ጥቁር ልብሷን አየ። «አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ። ሾፌርነቱም ሞቱም ለእኔ ምንም አይደል። ግን ሲዋሹኝ አንቺም ቆመሽ ሰምተሻል። ስለ ሞተሩስ ያልነገራችሁኝ ነገር እንደሌለ በምን አውቃለሁ?» ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

«እንጀራሽን በገዛ እጅሽ ደፋሽው» አሏት ኦቦ ገርባ። «ለአንቺው ብለን እኮ ነው፣ ተረፈች ኮ፣ የኔ ልጅ።»



ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው አኮረፋት። ገዢ በራሱ ጊዜ ሲመጣ ከመንገድ ያስቀሩታል፤ «ሞተሯ ተፈትቷል፣ ወራሾቹም ተካሰዋል» ይሉታል። መስከረም ደረሰ። በመጨረሻ የገዛት ሊቤ ራሱ ነው፣ በፈለገው ዋጋ። ኦቦ ገርባ ምስክር ሆነው ፈረሙ፤ ፈርመውም ኮሚሽናቸውን ጠየቁ። ሰጠቻቸው።

«ስሜን ከእድሩ ይሰርዙልኝ» አለቻቸው።

«አብደሻል? ነገ ስትሞቺ ማን ይቀብርሻል?»

«ያገኘኝ ይቅበረኝ። እናንተ ብቻ አትንኩኝ።»

አሁን ተረፈች ሰበታ ናት። ገንዘቡ ስላልበቃ ሱቋን ሌላ ሰው ገዛት። በእህቷ ሱቅ ደጅ ሸራ ወጥራ ምስርና አተር ትሸጣለች፤ ማታ እዚያው እህቷ ጓዳ ታድራለች። የሰበታ ሰዎች እድር ግቢ ብለው ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። አልገባችም።